የዘሀራ ጥፍር ቀለም

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ስትቀባ ሽታው ሳሎን ድረስ ገባና ራሴን አዞረኝ። «ውጪ! ከቤት ውጪልኝ!» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ደነገጠች። «እማማ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ልጅ ወጥታ የት ትቀባ፣ ደረጃው ላይ? እናቷም ከኩሽና ብቅ ብላ «እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?» አለችኝ። የነካኝስ ብዙ ነው። ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ ከነጠላዬ ሥር፣ ከአንድ ትልቅ ሆቴል ያመጣሁት የወረቀት ቦርሳ አለ። በውስጡ በፍሬም የገባ የምስጋና ወረቀትና አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተቀምጠዋል። ካመጣኋቸው ሁለት ሳምንት ሆኗቸው ነበር፤ ለማንም አላሳየሁም። ያ ሽታ ሲመጣ ግን ወረቀቱም፣ መጽሐፉም፣ ጎሮም፣ ዘሀራም አንድ ላይ መጡብኝ።

ዛሬ ጎሮን የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው ፎቁን፣ ባንኩንና የታክሲውን ግፊያ ነው። እኛ ስንገባ ግን ጎሮ የጤፍ ማሳና የእንቁራሪት ጩኸት ነበረች። ከመገናኛ የሚመጣው ሚኒባስ አንድ ብር ከሃያ አምስት ተቀብሎ ዋናው መንገድ ዳር ያራግፈንና ጭቃውን አይቶ ይመለሳል። «ከዚህ ወዲያ በትራክተር ሂዱ» የሚል አፉ የማያርፍ ረዳት ነበር። ሥራ ያለው ሰው ሁሉ ሁለት ጫማ ነበረው፤ አንዱ ለጎሮ፣ አንዱ ለከተማ። እኔ ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነበር የምሠራው። ጠዋት ቦቲዬን አጥልቄ መንገድ ዳር ካለችው የዘሀራ የቆርቆሮ ሱቅ እደርሳለሁ፤ እዚያ አውልቄ ጥቁሯን ባለ ተረከዝ ጫማዬን አደርጋለሁ። ማታ ስመለስ ቦቲዬ ታጥቦ ይጠብቀኛል። ኦሎምፒያ ስደርስ፣ በጠባብ ጉርዴና ትከሻው በተሞላ ኮቴ፣ ከጭቃ ቤት መምጣቴን ማንም አያውቅም ነበር። እንዲታወቅም አልፈልግም። ከመሥሪያ ቤታችን ሥር ካሴት ቤት ነበረ፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ዘፈን ሲደጋግምብን ይውልና ማታ ታክሲ ውስጥ ያው ዘፈን ይቀበለናል። ሻይ ስልሳ ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ ሰባ አምስት። አሁን በዚያው ማዕዘን ላይ ስሙን አንብቤ የማልጨርሰው ካፌ አለ፤ የሻዩን ዋጋ ከሰማሁ ወዲህ በዚያ በኩል ሳልፍ መንገድ እሻገራለሁ።

ዘሀራ የወሎ ልጅ ናት። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ሁለት ሳምንት መንገድ ላይ፣ ሦስት ቀን ቤት። መሬቱን ከአንድ ገበሬ ላይ፣ ሦስት ሽማግሌ አስፈርመን፣ እሷና እኔ ጎን ለጎን ነው የገዛነው። ቤቶቻችንም የቆሙት በአንድ ሳምንት ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ሰው ጨረቃ ቤት ይለዋል፤ ፈቃድ ሳይኖረው፣ አፍራሽ ሳያይ፣ በጨረቃ ብርሃን የሚቆም ማለት ነው። ጭቃና ማገር ለመቆጠብ ብለን በመካከላችን አንድ ግድግዳ ብቻ አቆምን። የእሷ መኝታ ቤት በዚያ በኩል፣ የእኔ በዚህ በኩል። ሁለቴ ካንኳኳች «ነይ» ማለቷ ነው፤ ሦስቴ ከሆነ «ልጁ አሞታል፣ ቶሎ ነይ»። ስልክ ምን ሊያደርግልን! መብራት ሲመጣ ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ቆጣሪው በእኔ ስም ገባ፤ ለእሷ በግድግዳው አናት ሽቦ አሳለፍንላት። አርብ አርብ ከሱቋ ቴፕ መንዙማ ይሰማል፣ በሌላው ቀን የትዝታ ዘፈን። «የመስጊዱ ሼህ ቢሰማሽስ?» እያልኩ አበሽቃታለሁ፤ «ሼሁም ልብ አለው፣ አስኩ» ትለኛለች።

ለቅሶ ላይ ደግሞ ሌላ ነበርን። እኔ የሴቶቹ እድር ጸሐፊ ነበርኩ፤ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ የተመረጥኩ፣ እውነትም የሚያምር። ሰው ሲሞት እያንዳንዷ ሴት ትሪዋን፣ ብርጭቆዋን፣ ቢላዋዋን ይዛ ትመጣለች። መቶ ብርጭቆ ሲደባለቅ የማን እንደሆነ በምን ይለያል? ስለዚህ ሁላችንም ምልክት ነበረን። አንዷ ክር ታስራለች፣ አንዷ በምስማር ትጭራለች፣ ዘሀራ ከሱቋ ጥፍር ቀለም ወስዳ ከሥሩ አንድ ቀይ ነጥብ ታሳርፋለች። ድንኳኑ ሊነቀል ሲል ክብ ሠርተን እንቀመጥና ዕቃውን እየገለበጥን «ይሄ የማን ነው?» እንባባላለን፤ ያለቀስንበት ቀን ሳቅ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። አንድ ሌላም ሕግ ነበረን። ድንኳን ውስጥ ሰው ሆዱን ይከፍታል፤ ዕዳውን፣ የልጁን ጥፋት፣ የቤቱን ጉድ ያወራል። በድንኳን የተሰማ ከድንኳን አይወጣም። ይህን ያፈረሰ ሰው ለቅሶው ላይ ማንም አይደርስለትም። ከእሥራት የሚብስ ቅጣት ነው።

ዩኒቨርሲቲዎቹ የመጡት ይህን ሁሉ ሰምተው ነው። የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ ይቅር፤ ራሱን ያውቃል። ዶክተር የምንለው አስተማሪና ስድስት ተማሪዎች ነበሩ፣ ጀርባው ላይ ስለ ፍትሕ የተጻፈበት ነጭ ቲሸርት ለብሰው። ዶክተሩ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ቡናማ ኮት የማይለየው ሰው ነበር። ዘሀራ ቤት ሲገባ ጫማውን ሳይነግሩት ያወለቀ እለት ሴቶቹ ሁሉ ወደዱት። «እኛ ልናስተምራችሁ አልመጣንም፤ መምህሮቻችን እናንተ ናችሁ» አለን። እንዲህ ተብሎ የማያውቅ ሰው እንዲህ ሲባል ምን እንደሚሆን እሱ ያውቅ ይሆን? ነገሩ እንዲህ ነበር። እነሱና እድራችን አጋር እንሆናለን፤ ሰፈሩን ቤት በቤት አብረን እናጠናለን፤ ማን ወረቀት እንዳለው፣ ማን እንደሌለው፣ ስንት ዓመት እንደኖረ ይመዘገባል። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ከጎናችን ቆሞ የይዞታ ወረቀት ይጠይቅልናል። የድሃ ቃል አይሰማም፤ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ግን ይሰማል።

ከተማሪዎቹ አንዷ ሰብለ ነበረች። ቀጭን፣ ኮንቨርስ ጫማዋን በመጀመሪያው ቀን ጭቃ በልቶባት ያለቀሰች ልጅ። ቦቲዬን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የእኔው ቤት ልጅ ሆነች፤ ለምሣ ከደረሰች ትበላለች፣ ዝናብ ከያዛት ልጄ አጠገብ ታድራለች። «እትዬ አስካለ፣ እኔ እዚህ ሰፈር ብወለድ ደስ ይለኝ ነበር» ብላኝ ታውቃለች። አመንኳት። አሁንም ቢሆን ያን ቀን የዋሸችኝ አይመስለኝም።

በእድሩ ጉባኤ ላይ የተቃወመ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ኦቦ ጉታ፣ የወንዶቹ እድር ዳኛ። አባቱ ያንን መሬት ያረሰ፣ ከተማው ሲመጣ ከእርሻው አንዲት ጓሮ የቀረችው ሽማግሌ ነው። ከዘራውን ተደግፎ ተነሳና፣ አውሮፕላን እስኪያልፍ ድረስ ጠበቀ። ቦሌ የሚያርፈው ሁሉ በጣራችን ላይ ነበር የሚያልፈው፤ በኛ ሰፈር ቁም ነገር የሚነገረው በሁለት አውሮፕላን መካከል ነው። «እነዚህ ልጆች ደጎች ናቸው» አለ። «የምፈራውም ለዚያ ነው። ከክፉ ሰው ላይ ዕቃህን ትነጥቃለህ፤ ከደግ ሰው ላይ ለማስመለስ ታፍራለህ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ እኔ አይቻለሁ።» ሰው አጉረመረመ። ያኔ እኔ ተነሳሁ። «ኦቦ ጉታ፣ ለልጆቹ እኔ ዋስ ነኝ» አልኩ። «ድንኳናችን ውስጥ ገብተው፣ በድንኳናችን ሕግ ነው የሚሠሩት። አንድ ቃል ቢወጣ እኔን ጠይቁኝ።» ዶክተሩም ቆሞ ቃል ገባ። ወረቀቱ እድሩ ቤት ይቀመጣል፣ ያለ እድሩ ፈቃድ ለማንም አይታይም አለ። አጨበጨብን። ጉታ አላጨበጨበም፤ ከዘራውን አንስቶ ወጣ።

የእድሩን ድንኳን ያለ ለቅሶ የተከልነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ትልቅ ወረቀት መሬቱ ላይ ዘረጉ፣ ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀመጥን። ተማሪዎቹ መንገዱንና ወንዙን ሳሉ፤ ቤቶቹን እኛ ነገርናቸው፣ የባለቤቱን ስም ከየቤቱ ሥር በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ችግሩ ሰብለ ወረቀት ያለውንና የሌለውን በምን እንደምትለይ መጨነቋ ነው፤ የያዙት ማርከር ጥቁርና ሰማያዊ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ እኔ፣ ብልጧ፣ ብርጭቆ ገልብጬ አሳየኋት። «እኛ በነጥብ ነው የምንለየው» አልኩ። «ወረቀት ያለው ሰማያዊ፣ የሌለው ቀይ ይሁን።» ዶክተሩ እጆቹን አጨበጨበ፤ «ይኸው፣ የማኅበረሰብ ዕውቀት ማለት ይህ ነው!» አለ። ቀዩ ከየት ይምጣ? ዘሀራ ሱቋን ትታ ጥፍር ቀለሟን ይዛልን መጣች። ሁለት ብር ከሃምሳ የምትሸጠውን፣ ያልተከፈተውን። «ለሰፈር ሥራ አልሸጥም» አለች። እሷ ግን አልተቀመጠችም፤ ሱቁ ክፍት ነበር። ስትወጣ በጆሮዬ «የኔን ቤት አንቺ ንገሪያቸው፤ ያንቺ አፍ የኔ አፍ ነው» አለችኝ።

ቀዩ ነገር አሳፋሪ እንዳይሆንብን ሰብለ ደጋግማ አስረዳችን። ቀዮቹ ቅድሚያ የሚጠየቅላቸው ናቸው አለች። ስለዚህ ሴቶቹ ደፍረው ተናገሩ፤ ማን በስንት ጨረቃ ቤቱን እንዳቆመ፣ የትኛው በውል፣ የትኛው ያለ ውል። ድንኳን ውስጥ ነን። ትንሿን ብሩሽ ይዤ እኔ ነበርኩ የምነጥበው፤ ድንኳኑ በጥፍር ቀለም ሽታ ታፍኖ ራሳችንን ይዘን ስንስቅ ትዝ ይለኛል። የዘሀራ ጋ ስደርስ ቀይ ነጠብኩ። የእኔ ጋ ስደርስ ማርከሩን አነሳሁና ሰማያዊ አደረግሁት። ሰብለ ቀና ብላ አየችኝ። «የመብራት ደረሰኝ በስሜ አለኝ» አልኳት። «እሱም ማስረጃ ነው» አለች። ቅድሚያው ለዘሀራ ይድረስ ብዬ ነው፣ ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ወረቀቱ «በንጹሕ ተገልብጦ በሁለት ሳምንት ይመለሳል» ተብሎ ተጠቅልሎ ሄደ። ሁለት ሳምንቱ ሁለት ወር ሆነ። ሰብለ መጀመሪያ በየሳምንቱ ትመጣ ነበር፣ ቀጥሎ በየወሩ፣ ቀጥሎ በበዓል በስልክ ብቻ። ቦቲዬም በዚያው ቀረ። አንድ ክረምት አልፎ መስከረም ላይ፣ ከሥራ ስመለስ፣ ከታክሲው እንደወረድኩ የዘሀራ ሱቅ በቀን ተዘግቶ አገኘሁት። ወደ ሰፈር ስገባ በሮቹ ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ተቀብቷል። ሁሉም ላይ አይደለም፤ እየዘለለ። አንድ ፋይል የያዘ ወጣት የመሬት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ዘሀራ በር ላይ ቆሟል። «ልጄ፣ ምን እያያችሁ ነው የምትቀቡት?» አልኩት። ጨዋ ልጅ ነው፤ ወረቀቱን አሳየኝ። የኛው ትልቅ ወረቀት አንሶ፣ ተባዝቶ፣ ነጥቦቹ ከነቀለማቸው። ከያንዳንዱ ነጥብ ሥር ስም አለ። «ዘሀራ» ከሚለው ላይ «ሀ»ው ጅራት አለው። እንደዚያ ያለ «ሀ» የምጽፍ እኔ ብቻ ነኝ።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዘሀራ ከቤት ወጥታ ውሃ ሰጠችኝ፣ እኔን! «አብሽሪ፣ አስኩ፣ አላህ ያውቃል» ትለኛለች፣ የእኔ ቤት የሚፈርስ ይመስል። ከዚያ ጠየቀችኝ። «ማን ነገራቸው?» «ዩኒቨርሲቲዎቹ» አልኳት። እውነት ነበር። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም።

በአምስት ቀን ውስጥ ቀዮቹ ፈረሱ። ወረቀት የሌለው ምትክ የለውም ተባለ። ዶዘሩ የዘሀራን ቤት ሲያነሳ የጋራችንን ግድግዳ በጥንቃቄ ተወው፣ የሰማያዊ ቤት ነውና። ማታ ወጥቼ በዚያ በኩል አየሁት። የእሷ መኝታ ቤት አረንጓዴ ቀለም፣ የመካ ሥዕል የተሰቀለበት ሚስማር፣ ልጇ ቁመቱን የለካበት የእርሳስ ጭረት፣ ሁሉም አደባባይ ላይ ወጥቷል። የሚሸፍነው ሰው አልነበረም፤ ጎረቤት ሁሉ እያየው ያልፋል። እኔ ከውስጥ በኩል እተኛለሁ። ማንም አያንኳኳም። ከዓመት በኋላ እኛም ተነሳን፤ ለእኛ ግን ማስረጃ አላችሁ ተብሎ ይህ ሰሚት ያለው ቤት ተሰጠን። እድሩ ተበተነ። ኦቦ ጉታ እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን «ዋስ ነኝ ብለሽ አልነበር?» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ድረስ አልሄድኩም እንዳይባል ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ጥበቃው «ቀጠሮ አለሽ?» አለኝ። በሁለተኛው ጸሐፊዋ፣ ዶክተሩ ለትምህርት ውጭ ሄደዋል አለችኝ። በሦስተኛው ፕሮጀክቱ ተጠናቋል ተባልኩ። ተጠናቋል! እኔ እኮ አብሬው የጀመርኩ ሰው ነኝ፤ መጠናቀቁን ለምን አልሰማሁም?

ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ነው ሰብለን ኦሎምፒያ ያገኘኋት። የዓይን ሐኪም ጋ ደርሼ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት መነጽር ያደረገች፣ ወፈር ያለች ሴት ከመኪና ወርዳ «እትዬ አስካለ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። በመልኳ አላወቅኋትም፣ በለቅሶዋ አወቅኋት። አሁን እሷም ዶክተር ናት። «ማዘር፣ እግዜር ነው ያገናኘን! የፓርትነርሺፑ አኒቨርሰሪ እኮ ነው፤ እርስዎማ የግድ መምጣት አለብዎት» አለችኝ። ድሮ እትዬ ነበርኩ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ማዘር ሆንኩ። የአጋርነቱ ዓመት በዓል ማለቷ ነው። እሄዳለሁ አልኩ። ሄጄ የምናገረውን በሆዴ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁለት ሌሊት እየደጋገምኩ ሸመደድኩት።

ቦሌ መንገድ ላይ ያለ ሆቴል ነው። ምንጣፉ እግር ይውጣል። ዶክተሩ ሸብቷል፣ ኮቱ ተለውጧል፤ እጄን ይዞ «እርስዎ… እርስዎ…» እያለ ስሜን ፈለገ። መብራት ጠፍቶ ግድግዳው ላይ ሥዕል በራ። ትልቁ ወረቀታችን ነበር፣ ከጣራ እስከ ወለል። እያንዳንዱ ቀይ ነጥብ የሰው ራስ ያህላል። ሰብለ መድረክ ላይ ወጥታ ይህ ማኅበረሰቡ በራሱ ዕውቀት የሠራው ነው፣ ለብዙ ጥናቶች መነሻ ሆኗል አለች። ሰው አጨበጨበ። ቀጥሎ «የማኅበረሰቡ ተወካይ» ተብዬ ተጠራሁ፤ ፍሬሙን ሰጡኝ፣ መጽሐፉን ደረቡልኝ፣ ማይኩን አፌ ላይ ደቀኑና «ማዘር፣ በአንድ ደቂቃ» አሉኝ። ያ ሁሉ የሸመደድኩት የት ገባ? «አመሰግናለሁ» አልኩ። ወረድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ኮሪደሩ ላይ ግን ሰብለን ያዝኳት። «ወረቀቱን ለመሬት መሥሪያ ቤቱ ማን ሰጠው?» አልኳት።

ፈገግታዋ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ወረደ። «ማዘር፣ እኛ እኮ ሪፖርቱን ለሁሉም ስቴክሆልደር፣ ለሚመለከተው ሁሉ ነው ያካፈልነው። ዲያሎግ እንዲጀመር ብለን። ለማፍረስ ይጠቀሙበታል ብለን በፍጹም አላሰብንም።»

«ድንኳን ውስጥ የተነገረ ነው፣ ሰብለ። የድንኳኑን ሕግ ታውቂው ነበር።»

«አውቃለሁ እንጂ!» አለች፣ ዓይኗ በርቶ። መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ገለጠችው። «ይኸው፣ ስለ ድንኳኑ ሕግ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌያለሁ። ሰው በጣም የሚጠቅሰው እሱን ነው።»

ሳቄ መጣ። ምን ላድርግ? ቦቲዬንም የት እንዳደረሰችው ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት። ሰዎች ጠሯት፣ ጉንጬን ስማ ሄደች። ተከድቻለሁ። ይህን በወግ በማዕረግ የሚለው ሰው ስላጣሁ እኔው እላለሁ፤ ጎሮ ተከድታለች፣ እኔ ተከድቻለሁ፣ ከዳተኞቼም ሸልመውኛል።

እንግዲህ ቅዳሜ ያ ሽታ ሲመጣ፣ መጽሐፉን ለማን እንደማሳይ ገባኝ። እሑድ በጠዋት ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ሄድኩ፣ ዘሀራ ጋ። ልጇ በተከራየው ሁለት ክፍል ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ጉልበቷ ስለማያወጣት በመስኮት ሳሙናና ክብሪት ትሸጣለች። በበዓል በበዓል እንጠያየቃለን፤ ኢድ ላይ እኔ እሄዳለሁ፣ ፋሲካ ላይ ልጇ ይመጣል። ያለ በዓል ስታየኝ ደነገጠች። «ማን ሞተ?» አለች። «ማንም አልሞተም» አልኳት። ሻይ ሰጠችኝ። ጠጥቼ ስጨርስ፣ እጄ ልማዱ ነው፣ ብርጭቆውን ገለበጥኩት። ከሥሩ ቀይ ነጥብ አለች፣ ደብዝዛ። ከስድስቱ ብርጭቆዎች የቀረችው እሷ ብቻ ናት አለችኝ።

መጽሐፉን ትልቁ ወረቀታችን ከነቀለሙ የታተመበት ገጽ ላይ ገልጬ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ዘሀራ ፊደል አታነብም፤ ሰፈሯን ግን አነበበችው። ወንዙን በጣቷ ተከትላ ወጣች፣ «ይሄ ጥዱ ያለበት፣ ይሄ የጉታ ጓሮ፣ አላህ ይማረው» እያለች። ሱቋን ስታገኝ ሳቀች። ከዚያ ጣቷ ቀዩ ላይ ቆመ። አፍንጫዋን ወደ ገጹ አስጠጋች፣ የሚሸት ይመስል። «ውይ፣ ይሄማ ጥፍር ቀለሜ ነው!» አለች። «ወላሂ እሱ ነው! አስኩ፣ የኔ ቤት የቱ ነው?»

አሳየኋት። ቤቷን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። «አለ እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ቤት ነበረን ስላቸው የልጅ ልጆቼ አያምኑኝም ነበር።»

ያን ጊዜ ያን ሁሉ ዓመት የዋጥኩት ወጣ። «ዘሀሩ፣ ነጥቡን የነጠብኩት እኔ ነኝ። ስምሽንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ዩኒቨርሲቲዎቹ ናቸው ያልኩሽ ግማሹን ነው።» እንባዬ አላቆም አለኝ። ትጮህብኛለች፣ ታባርረኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

ዘሀራ ግን ዓይኗን ከገጹ አላነሳችም። «እሱንማ አውቃለሁ» አለች። «ንገሪያቸው ያልኩሽ እኔ አይደለሁ? ወረቀት አልነበረኝም፤ የለኝም ብለሽ ነገርሻቸው። እውነት ለተናገረ ሰው ምን እላለሁ? የበደሉን እነሱ ናቸው።»

ደስ አለኝ ማለት ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ አለኝ። በታክሲው ሁሉ ስፈራ የመጣሁት ይህን ነበር፣ አለፈ። ነጠላዬን ይዤ ዓይኔን ስጠርግ ጣቷ ገጹ ላይ መንቀሳቀሱን አላየሁም። ከቀዩ ነጥብ ተነስቶ በቀኝ በኩል ትንሽ ሄዶ ቆመ።

«ያንቺስ? ይሄ ነው?»

«አዎ» አልኩ።

«ሰማያዊ ነው።»

የመብራት ደረሰኙን ልነግራት ፈለግሁ። ቅድሚያው ለሷ እንዲደርስ ብዬ ነው ልላትም አስቤ ነበር። ውሸት ነው። ኦሎምፒያ ያለው መሥሪያ ቤት፣ ባለ ተረከዙ ጫማዬ፣ የሚያምረው ጽሕፈቴ፣ እነዚያ ተማሪዎች ፊት ጨረቃ ቤት አለኝ ማለት አሳፈረኝ፤ ያፈርኩበትን ነው በሰማያዊ የሸፈንኩት። በዚያ ሰማያዊ ነው ዛሬ አራተኛ ፎቅ ላይ የምኖረው።

ዘሀራ መጽሐፉን በዝግታ አጠፈችና ጭኔ ላይ መለሰችልኝ። ድምጿ አልተለወጠም፤ እንደ ድሮው፣ ከግድግዳው ወዲያ የምትናገር ይመስል ነበር።

«አስካለ» አለችኝ፣ በሙሉ ስሜ። «ግድግዳችን እኮ አንድ ነበር።»